ትርንጎን ማን ያሳድጋት?

በአንድ ወቅት፣ አንዱ መንግሥት ወርዶ ሌላው በወጣበት፣ ሰማዩ ግን የወረደውንም የወጣውንም አዋጅ ባልሰማበት ዘመን፣ ቀይ አፋፍ በምትባል የደጋ መንደር አያ ደምለው የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

አያ ደምለው ብዙ አይተዋል። በልጅነታቸው ለንጉሡ እጅ ነስተዋል፤ በጉልምስናቸው ንጉሡን ላወረዱት አጨብጭበዋል። «እጅ የተሰጠን ለማረስና ለማጨብጨብ ነው» ይሉ ነበር ሲቀልዱ። በእምነትም ያው ናቸው። ቄስ ሲገዝት ይፈራሉ፣ መስቀል ሲዘረጋላቸው ይሳለማሉ፤ ከልባቸው አምነው እንደሆነ ግን ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም። ዝናቡ በወቅቱ እየዘነበ እንዲህ ያለውን ነገር ምን ያስጠይቃል?

ልጆቻቸው ግን እንደሳቸው አልወጡም።

ትልቁ ባይለየኝ ከተማ ወርዶ ተማረና ካኪ ለብሶ፣ ካድሬ ሆኖ ተመለሰ። ለሹመት ብሎ የገባ ሰው አልነበረም፤ ያመነ ሰው ነበር። «ድህነት የእግዜር ቁጣ አይደለም። ሰው የሠራው ነው፤ ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ያፈርሰዋል» ይል ነበር። ሲናገር ዓይኑ ይበራል፤ አባትየው ያን ብርሃን ሲያዩ ደስ እያላቸው ይፈራሉ።

ሁለተኛው ጥላዬ ገና ጢም ሳያወጣ ደብር ገባ፣ መነኮሰም፤ አባ ገብረ ሕይወት ተባለ። ከመንደሩ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ዋሻ ይኖራል። እሱም ለሆዱ አልገባም። «ራሱን ሳያቀና አገር አቀናለሁ የሚል ሰው፣ ጠማማ ሞፈር ይዞ ቀጥ ያለ ትልም እንደሚፈልግ ገበሬ ነው» ይላል። የታመመ ሲሰማ ሌሊት ሳይል ይወርዳል፤ ሲበላ ያየው የለም።

ሦስተኛዋ ይታይሽ የጨው ነጋዴ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቅሎዋን እየነዳች ከገበያ ገበያ ስትዞር፣ ከዚህኛው አገር ካድሬውን፣ ከዚያኛው ባሕታዊውን ስትሰማ፣ ሁለቱንም ማመን ተወች። «ያላየሁትን አላምንም፤ ያላወቅሁትን ለሰው አልናገርም፤ ቃልም አልገባም» ማለት ልማዷ ነው። እውነትም ቃል ገብታ የሰማት ሰው አልነበረም።

የመጨረሻዋ ማሬ ነበረች። ማሬ ሁሉንም ትወዳለች፤ ሁሉንም በየተራ ታምናለች። ፈንታው የሚባል ዝምተኛ ገበሬ አግብታ ትርንጎ የምትባል ሴት ልጅ ወልዳለች።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ ጎተራውን ጠርጎ በላ። በሁለተኛው ዓመት በሬውን ሸጠ። ባይለየኝም ከአውራጃው ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ መንደሩ ተነሥቶ ወደ ቆላ ይሰፍራል የሚል። ሰዉ እህል ከረሳው አውድማ ላይ ተሰበሰበ። አያ ደምለው ከፊት ተቀመጡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ቆሙ።

«እዚህ የሚጠብቃችሁ ሞት ነው» አለ ባይለየኝ። «ቆላው ለም መሬት አለው፤ ወንዝ አለው። መንግሥት መኪና ልኳል። ሰው በእግሩ ሄዶ ከሚያመልጠው ሞት ጋር ለምን ተቀምጦ ይሟገታል?»

«የአባቶቻችሁን አጥንት ጥላችሁ ወዴት ነው?» አለ አባ ገብረ ሕይወት። «ሰማዩ የተዘጋው በእኛ ነው። እንጹም፤ ምህላ እንያዝ። የዘጋው ይከፍተዋል።»

«ጥላዬ» አለ ባይለየኝ፣ የምንኩስና ስሙን ትቶ፤ «ጸሎት ዝናብ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ያንተ ዋሻ ረግረግ በሆነ ነበር።»

«አዋጅም እህል የሚያበቅል ቢሆን የእናንተ ጽሕፈት ቤት አውድማ በሆነ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። በዚያ ዓመት ቀይ አፋፍ ውስጥ ከዚያ ወዲያ የተሳቀ አይመስለኝም።

ይታይሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። «ባይለየኝ፣ ቆላውን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ያዩት ነግረውኛል።»

«እርስዎስ አባ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ተነግሮዎታል?»

«እግዚአብሔር በቀጠሮ አይሠራም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም አታውቁም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት አንድ ሰው ከኋላ።

«እኔ አላውቅም ነው የምለው» ብላ ተቀመጠች።

የተራበ ሰው ግን አላውቅምን ይዞ የት ይደርሳል? ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ማሬና ፈንታውም ሦስቱን በየተራ ጠየቁ፤ ባይለየኝ ሂዱ አላቸው፣ አባ ገብረ ሕይወት ቆዩ አላቸው፣ ይታይሽ የመሰላችሁን አድርጉ አለቻቸው። በመጨረሻ አባታቸው ዘንድ መጡ። አያ ደምለው አንዱን ልጃቸውን አስከብረው ሌላውን ማዋረድ አልሆንልህ አላቸውና «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ እኔ ምን እላለሁ» ብለው ሸኟቸው። ባልና ሚስቱ ምርጫውን ለሁለት ተካፈሉት። «አንዳችን ብንተርፍ ልጃችን አትወድቅም» ብለው እሱ መኪናው ላይ ወጣ፤ እሷ ልጇን አቅፋ ቀረች።

የቆላው መሬት እውነትም ለም ነበር። ወንዙም ነበር። ግን ጎጆ ሳይቀለስ፣ መድኃኒት ሳይደርስ ሰዉን አራገፉት፤ ወንዙ ደግሞ ወባ ነበረበት። የተረፉት ኋላ በቆሎ ዘርተው ጠግበው በልተዋል። ፈንታው ግን በሰፈረ በወሩ ሞተ።

ዝናቡም ኋላ እውነትም መጣ። አባ ገብረ ሕይወት እንዳለው የተዘጋው ተከፈተ። ማሬ ግን ምህላውን ስትጾም፣ የምታገኘውን ጥሬ ሁሉ ለልጇ እያጎረሰች፣ ሰማዩ ከመከፈቱ በፊት ሞተች።

ይታይሽም እውነቷን ነበር፤ ሁለቱም አያውቁም ነበር። እውነቷ ግን ማንንም አላተረፈም።

ትርንጎ ከአያቷ ጋር ቀረች። አያ ደምለው የሚያበሉት ስላልነበራቸው ልጅቷን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ማልቀስ ስትተው ይበልጥ ፈሩ። ያችን ልጅ ከሞት ያወጧት ሦስቱ ልጆቻቸው ናቸው። እንዴት እንዳወጧት ደግሞ እያንዳንዳቸው ኋላ ብቻቸውን መጥተው ነግረዋቸዋል። አያ ደምለው እንዲነግሯቸው አልጠየቁም። ባይሰሙት በወደዱ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው አባ ገብረ ሕይወት ነው። ልጅቷን አንሥቶ ወደ ደብሩ ወጣ። በቤተልሔሙ፣ የቁርባኑ ኅብስት በሚጋገርባት ቤት፣ ለመሥዋዕት የተለየ ጥቂት ስንዴ ነበር፤ ያን እህል ለሥጋ መብላት እንኳን ለመነኩሴ ለማንም የማይታሰብ ነው። ከስንዴው ወስዶ ፈጨ፤ አጥሚት አፍልቶ በማንኪያ እያደረገ አጠጣት። በደጀ ሰላሙ በኩል ደግሞ እሱ ራሱ ጹሙ ያላቸው ሰዎች ተንበርክከው እግዚኦ ይላሉ። ሽታው ወደ እነሱ ሄደ። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ቀና ብለው «የምን እህል ነው የሚሸተኝ?» አሉ። «ረኃብ ነው እማሆይ፤ ረኃብ እንዲህ ያሸትታል» አላቸው። አሮጊቷ አመኑት፤ ግንባራቸውን መልሰው መሬት ላይ ደፉ፤ በሕይወት አልተነሡም። ስንዴው እስኪያልቅ ትርንጎን መገባት። ነገሩ ሲታወቅ ካህናቱ ቆቡን አወለቁበት፤ ምህላ የነበሩትም ፊታቸውን አዞሩበት።

ስንዴው ሲያልቅ ልጅቷን ተቅማጥ ያዛት። ይታይሽ ያኔ በቅሎዋ ሞታባት፣ ከባሏ እናት ከእማማ ዘርፌ ጋር ቤት ተቀምጣ ነበር። እማማ ዘርፌ ዓይነ ስውር ናቸው። ይታይሽ ልጅቷን ከወንድሟ ተቀብላ አዝላ፣ ብቻቸውን የማትተዋቸውን አሮጊት በበትር እየመራች መኪና ወደሚያልፍበት ጎዳና ገደሉን ይዛ ወረደች። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ አሮጊቷ መራመድ አቃታቸው። ልጅቷ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ትንፋሿ እየራቀ ነበር። እማማ ዘርፌን ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«ትመለሻለሽ?» አሏት።

«እመለሳለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ።»

«አንቺ ካልሽማ ትመለሻለሽ» አሉ እማማ ዘርፌ፤ «አንቺ ቃል ገብተሽ አታውቂም።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ይታይሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደማትደርስ ስትናገረው ታውቅ ነበር። አካባቢው የጅብ አገር መሆኑንም ታውቅ ነበር። ስትመለስ በትሩንና የነጠላውን ቁራጭ አገኘች።

ጎዳናው ዳር ላይ ባይለየኝ መኪና እያስጫነ ነበር። መኪናው ሐኪምና ምግብ ወዳለበት መጠለያ የሚሄድ ነው። ለዚያ ጭነት ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጫናል፣ ዘመድ የለም፣ ባለሥልጣን የለም። ያን ዕለት ጠዋት የአለቃውን የእህት ልጅ እንኳ «ተራህን ጠብቅ» ብሎ መልሷል። ይታይሽ ስትደርስ መኪናው ሞልቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ባይለየኝ በእህቱ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለውን ራስ አየ፤ የማሬ ልጅ መሆኗን አወቀ። ወደ መኪናው ወጣ፤ ከዳር ተኝታ የነበረችን አንዲት ልጅ አንሥቶ ለእናቷ መልሶ አቀበላት። «የነገው መኪና ይወስዳታል» አለ። ትርንጎን በቦታው አስተኛት። በማግሥቱ ነዳጅ አልነበረም፤ መኪናም አልመጣም።

እንግዲህ ትርንጎ እንዲህ ተረፈች። የአንዱ እጅ ቢቀር ኖሮ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ነበር። ያለ አጥሚቱ ጀርባ ላይ አትደርስም፤ ያለ ጀርባው መኪናው ዘንድ አትደርስም፤ ያለ መኪናው ሐኪም ዘንድ አትደርስም።

ዝናቡ ዘነበ፤ ልጅቷ አገግማ ተመለሰች። አያ ደምለው ግን ሆዳቸው ውስጥ የገባው በሽታ አልወጣ አለ፤ መጪውን ክረምት እንደማያዩት ገብቷቸዋል። ልጅቷን ለማን ትተው ይሙቱ? በአገሩ ደንብ ይህን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ሽማግሌዎች አስጠርተው፣ የሰሙትንም ሁሉ ነግረው፣ ልጆቻቸውን አውድማው ላይ ሰበሰቡ። ትርንጎ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ጭድ ትቆራርጣለች።

ባይለየኝ ቀድሞ ተናገረ። «ለእኔ ትሰጠኝ፤ አስተምራታለሁ። አባዬ፣ የሆነውን ያውቃሉ። ግን መንገድ ቢኖር፣ እዚህ ሐኪም ቤት ቢኖር፣ አንዷን አውርዶ ሌላዋን መጫን ባላስፈለገ ነበር። እሱን የምትሠራ ሰው አደርጋታለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እንጂ ያመንኩበት ነገር አልተሳሳተም።»

ጥላዬ፣ ቆብ የሌለው መነኩሴ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ለእኔ ትሰጠኝ። ጸሎት አስተምራታለሁ፤ ለእናቷም ነፍስ ትጸልያለች። እኔ ሰዉን ጹሙ ብዬ ለሥጋዬ ዘመድ ጾሙን ሻርኩ። ኃጢአቱ የእኔ ነው። ቃሉ አልተሳሳተም።»

ይታይሽ ሳትነሣ ተናገረች። «ሁለታችሁም ያው ናችሁ። ሰው ሲያልቅ እናንተ ትሳሳታላችሁ፤ እምነታችሁን ግን አንድ ጭረት አይነካውም። ይህችን ልጅ የምትፈልጓት ያላችሁት ልክ እንደነበር እንድትመሰክርላችሁ ነው። ለእኔ ስጡኝ።»

«አንቺስ ምን ታስተምሪያታለሽ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እንድትጠይቅ።»

«ጥያቄ አጥሚት አይሆንም» አለ ጥላዬ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ማሬ ምን ላድርግ ብላ ስትመጣ የመሰላችሁን አድርጉ ብለሽ ሸኘሻት።»

«እውነቱን ነው» አለ ባይለየኝ። ወንድማማቾቹ በአንድ ነገር ሲስማሙ አያ ደምለው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው ነበር። ደስ አላላቸውም።

«ውሸት የተናገርኩት አንድ ጊዜ ነው» አለች ይታይሽ። «እውነቱን ስናገር ማንም አልሰማኝም፤ ሰው ያመነኝ የዋሸሁ ጊዜ ብቻ ነው።»

በዚህ መሀል አንዲት ሴት ከአውድማው ዳር ስትጠጋ ታየች። ጥቁር ለብሳለች፤ አቧራዋ ከሩቅ መምጣቷን ያሳያል። ባይለየኝ አወቃትና ፊቱ ጠቆረ።

«ደብሪቱ እባላለሁ» አለች። «ልጄ አንጓች ትባል ነበር። እስከ ዛሬ ስሟን የጠየቀኝ የለም።»

አያ ደምለው «ተቀመጪ ልጄ» አሏት። አልተቀመጠችም።

«ደም አልጠይቅም፤ ልክሰስህም አልመጣሁም» አለች ወደ ባይለየኝ ዞራ። «ተራችንን ጠብቀን፣ ቀድመን መጥተን፣ ባወጣኸው ሕግ ነበር የተጫንነው። ከመኪናው ስታወርዳት ነቅታ አልነበረም። ክንዴ ላይ ሁለት ቀን ቆየች።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ እኔ የመንግሥቱንም የደብሩንም ትምህርት አላውቅም። ስብሰባ ሲሉኝ ተሰብስቤያለሁ፤ ምህላ ሲሉኝ ጾሜያለሁ። ሁሉም ያሉትን አድርጌ ቤቴ ባዶ ሆነ። የመኪናው ቦታ የልጄ ነበር። በልጄ ቦታ የተኛችውን ስጡኝ። የማሳድጋት ለምንም አይደለም፤ እንድትኖር ብቻ ነው።»

«ይህች ሴት ለልጅቷ ምንም አላደረገችላትም» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ከሁሉ የበለጠ የሰጠቻት እሷ ናት» አሉ ሁለተኛው።

«ወዳ አልሰጠችም እኮ። የተወሰደበት ሰው ሰጪ ይባላል?»

«እነዚህስ ከራሳቸው አውጥተው ሰጡ? ሁሉም የሰጡት የሌላ ሰው ነፍስ ነው።»

ሦስተኛው ሽማግሌ «ልጁን ባጣ ሰው እጅ፣ በልጁ ፈንታ የኖረችን ልጅ ማስገባት ለልጅቷ ምን ይሆናል?» አሉ። «ሐዘን ሲብስ ፍቅር ይሁን ቂም ማን ያውቃል? እነዚህ ሦስቱ ቢያንስ ሥጋዋ ናቸው።»

ደብሪቱ ይህን ሰምታ አልተቆጣችም። «እኔም አላውቅም» አለች።

ይታይሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ብዙ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች።

አያ ደምለው ልጅቷን ከጭናቸው አውርደው ከፊታቸው አቆሟት። «ትርንጎዬ» አሏት፣ «ከማን ጋር ትሄጃለሽ?»

ልጅቷ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች። «ከእማዬ ጋር» አለች።

ጥላዬ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ባይለየኝ ወደ ተራራው ዞረ። ደብሪቱ እጇን ልትዘረጋ ብላ መልሳ ሰበሰበችው።

አያ ደምለው የባይለየኝን ዓይን አዩ፤ ያ ብርሃን አሁንም አለ፤ ያስፈራቸዋል አሁንም። የጥላዬን ባዶ ራስ አዩ። ይታይሽን አዩ፤ ልጅቷን አዝላ የወረደችበት ጀርባ ጎብጦ ቀርቷል። ያችን የማያውቋትን ሴት አዩ። ሽማግሌዎቹ ተከራክረው አልተስማሙምና ቃሉ ወደ እሳቸው ተመለሰ። እሳቸው ዛሬ ካልቆረጡ ነገ የሚቆርጥ አይኖርም። ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው ተነሡ፤ አንድ እርምጃም ተራመዱ።

ወደ ማን እንደተራመዱ ቀይ አፋፍ ውስጥ ዛሬም ሁሉ የሚስማማበት ቃል የለም። የባይለየኝ ወገን ወደ ባይለየኝ ነው ይላል፤ የደብሩ ሰው ወደ ጥላዬ ይላል፤ ነጋዴዎቹ ወደ ይታይሽ ይላሉ። ልጅ የቀበሩ እናቶች ደግሞ ሌላ ይላሉ። እኔ አውድማው ላይ አልነበርኩም፤ ነገሩን እስከዚህ አድርሻለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው።

አንዱ የተቀደሰውን አርክሶ መገባት፤ አንዷ ያመኗትን አሮጊት ጥላ ተሸከመቻት፤ አንዱ የሰው ልጅ አውርዶ ጫናት፤ አንዷ ሳትጠየቅ ልጇን ከፈለችላት። በአያ ደምለው እግር የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ትርንጎ ለማን ትገባለች?